ተመልሶ የመጣው ብጉንጅ

አማርኛ «ዕጢ» በሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። አንዱ ምራቅ፣ ላብ፣ እንባ ወይም ሆርሞን የሚያመነጭ ጤናማ የሰውነት ክፍል ነው። ሌላው ያለ ቦታው ያደገ እብጠት ነው። «ዕጢ አለብሽ» ተብላ ከሐኪም ክፍል የወጣች ሴት ጉልበቷ የሚከዳት ሁለተኛውን ሰምታ ነው እንጂ፣ የመጀመሪያው ዓይነትማ በማናችንም ቆዳ ውስጥ በሚሊዮን ይቆጠራል። ይህ ምዕራፍ ሁለቱ ትርጉሞች ስለሚገጣጠሙበት ብርቅ አጋጣሚ ነው፤ የቆዳ ዕጢ ራሱ ዕጢ ሲያወጣ፣ ያም ካንሰር ሲሆን።

የቆዳችን ዕጢዎች ሦስት ወገን ናቸው። ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱት ሰውነትን የሚያቀዘቅዘውን ቀጭን ላብ ያፈልቃሉ፤ በመዳፍና በውስጥ እግር እጅብ ብለው ይገኛሉ። ሁለተኞቹ አፖክራይን ይባላሉ። በብብት፣ በብልት አካባቢና በጡት ጫፍ ዙሪያ ተወስነው፣ ጉርምስና እስኪደርስ አንቀላፍተው ይቆያሉ፤ የብብት ጠረን የሚመጣው እነርሱ ከነቁ በኋላ ነው። ሦስተኞቹ የወዝ ዕጢዎች ናቸው። ወዝ ግሩም ቃል ነው፤ የፊትን ቅባትም የሠራተኛን ላብም በአንድነት ይዟል፣ «ወዛደር»ንም የወለደው እርሱ ነው። እዚህ ግን ላቡን ለላብ ዕጢዎች ትቼ፣ ወዝ የምለው ቆዳንና ፀጉርን የሚያለሰልሰውን ቅባት ብቻ ነው።

ከሦስቱም ወገን ካንሰር ሊነሳ ይችላል። በመጻሕፍት የተመዘገቡት ዓይነቶች ብዙ ናቸው፤ ስማቸው ረጅም፣ ታማሚያቸው ጥቂት። አንድ ጠቅላላ ሐኪም አንዱንም ሳያይ ጡረታ ሊወጣ ይችላል። ወይም ደግሞ አይቶት፣ ቅባት አዝዞለት፣ ሳያውቀው ያልፋል። እኔን ያሳሰበኝ ይህ ሁለተኛው ነው። እነዚህ ካንሰሮች በጊዜ የማይታወቁት ስለተደበቁ አይደለም። አብዛኞቹ ፊት ላይ፣ እግር ላይ፣ ዓይን ቆብ ላይ ማንም በሚያያቸው ቦታ የተቀመጡ ናቸው። ችግሩ ሁልጊዜ ሌላ ነገር መምሰላቸው ነው፤ ብጉንጅ፣ ችፌ፣ ኪንታሮት፣ ጠባሳ።

ከዓይን ቆብ ልጀምር፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚያ አለ።

በ1666 ሄንሪክ ማይቦም የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በዓይን ቆብ ውስጥ የተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎችን አጥንቶ ጻፈ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬም በስሙ የማይቦም ዕጢዎች ይባላሉ። በላይኛው ቆብ ከ25 እስከ 40፣ በታችኛው ከ20 እስከ 30 ገደማ ይሆናሉ። የወዝ ዕጢ ናቸው፤ ቅባታቸው በእንባችን ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይንሳፈፋል፣ እንባው ቶሎ እንዳይተንም ይጠብቀዋል። የአንዱ አፍ ሲደፈን ቅባቱ ወደ ውስጥ ይፈሳል፣ ሥጋው ይቆጣል፣ ጠጠር ያለች ጉብታ ትወጣለች። የሕክምናው ስም ካላዚዮን ነው። ሰው ግን «ዓይኔ ላይ ብጉንጅ ወጣብኝ» ይላል። በሞቀ ጨርቅ ይተኮሳል፤ እምቢ ካለ ሐኪም ቆቡን ገልብጦ ከውስጥ በኩል በመቅደድ ይጠርገዋል። በቃ፣ ይድናል። የአብዛኞቹ ብጉንጆች ታሪክ ይኸው ነው።

አሁን አንዲት የ65 ዓመት እናት እንበል። ከጎጃም ገጠር ልጃቸው ዘንድ አዲስ አበባ መጥተዋል።

«እማማ፣ ይቺ እብጠት ከመቼ ወዲህ ናት?»

«ኧረ ከረመች ልጄ። አምና ለፋሲካ ቀደዱልኝ፣ ሻረች። ለመስቀል ተመልሳ መጣች።»

«የመጣችው እዚያው ቦታ ነው?»

«እዚያው ናት። ስንዝር እንኳ ፈቀቅ አላለች።»

በዚህ ንግግር ውስጥ አንድም የሕክምና ቃል የለም፤ ምርመራው ግን ግማሽ መንገድ ሄዷል። ተራ ብጉንጅ የሚያወጣበት ሰው ደጋግሞ ሊያወጣበት ይችላል፤ ዛሬ በግራ፣ ከርሞ በቀኝ፣ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች። ተጠርጎ እዚያችው ነጥብ ላይ ተመልሶ የሚመጣ ግን በተለይ ዕድሜው ለገፋ ሰው ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። የወዝ ዕጢ ካንሰር ከሁሉ ይበልጥ የሚወደው ቦታ የዓይን ቆብ ነው፤ ከታችኛው ይልቅ የላይኛውን ይመርጣል፣ እዚያ ዕጢው ይበዛልና። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን፣ ከእነርሱም ሴቶችን ያዘወትራል። በአውሮፓና በአሜሪካ ከቆብ ካንሰሮች ጥቂቱ ብቻ ሲሆን፣ በሕንድና በቻይና ድርሻው እጅግ ከፍ ይላል።

ሐኪሙ ቆቡን ገልብጦ ቢያይ ምን ያገኛል? ያበጠው ቦታ ላይ ቢጫ ጥላ ሊኖር ይችላል፤ ቢጫው ከቅባቱ የመጣ ነው። የቆቡ ጠርዝ ወፍሮ ይሆናል። ሽፋሽፍቱ በዚያች ቦታ ብቻ ረግፏል። ሕመም የለም ማለት ይቻላል፤ አለማመሙ ደግሞ ሰውን ያዘናጋል። አንዳንድ ጊዜ እብጠትም የለ፤ የአንድ ዓይን መቅላትና ማዝ ብቻ ሆኖ በቅባትና በጠብታ ለወራት ይመላለሳል። የዓይን ማዝ ሲይዝ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ዓይን ያዳርሳል። በአንድ ዓይን ብቻ ተወስኖ መድኃኒት የማይበግረው መቅላት ስለዚህ ይጠረጠራል።

እዚህ ላይ የአገራችን ጉዳይ ይገባል። ኢትዮጵያ ትራኮማ በዓለም ላይ ከሁሉ በላይ ከበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌናቸውን የሚቧጭራቸው እናቶች ወረንጦ በአንገታቸው አንጠልጥለው ይኖራሉ፤ ሲቆረቁራቸው ይነቅሉታል። እንግዲህ የእንዲህ ያሉት እናት ዓይናቸው ቢቀላ «ትራኮማ ነው»፣ ሽፋሽፍታቸው ቢጎድል «ነቅለውት ነው» ማለት ምን ይቀላል? ቴትራሳይክሊን ቅባት ተሰጥቷቸው ይሄዳሉ። መለየት ግን ይቻላል። ትራኮማ ሽፋሽፍትን ያጣምማል፤ የወዝ ዕጢ ካንሰር ግን ያረግፋል። ትራኮማ ቆቡን ከውስጥ ጠባሳ ያደርገዋል፣ በሁለቱም ዓይን። «ይህን ወረንጦው ነው ያነሳው ወይስ ራሱ ረገፈ?» የሚል ጥያቄ የሚወስደው ደቂቃ አይሞላም። እማማም ያውቁታል፤ የነቀሉትን ፀጉር ሁሉ የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ሁለተኛው ጥፋት የሚደርሰው ከቅዱ በኋላ ነው። ከብጉንጁ ውስጥ ተጠርጎ የወጣው ነገር በጋዝ ተጠቅልሎ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል። ለመጀመሪያው ብጉንጅ፣ ለወጣት ሰው፣ ይሁን። ለሁለተኛው ግን አይሁን። ተመልሶ የመጣ ብጉንጅ ሲቀደድ የወጣው ሥጋ ፎርማሊን ባለበት ብልቃጥ ገብቶ ወደ ፓቶሎጂ መሄድ አለበት። በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ካሉት ሁሉ በዋጋ ርካሹ፣ በጥቅም ውዱ ሥራ ይህ ይመስለኛል።

ከብልቃጡ ወዲያ ያለውን ጉዞ ብዙ ሰው አያየውም። ሥጋው በፎርማሊን ከጠነከረ በኋላ ውኃው እንዲወጣ በአልኮል ውስጥ ያልፋል፤ ቀጥሎ በዛይሊን ይታጠባል፤ ከዚያ በፓራፊን ሰም ይቀረጻል። ሰሙ እንደ ሳንቃ ይላጋል፤ ከፀጉር የቀጠነው ልጣጭ በመስታወት ላይ ተለጥፎ ወይን ጠጅና ሮዝ ቀለም ይቀባል። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ይህንን ነው። አሁን ልብ በሉ፤ አልኮልና ዛይሊን ስብ ያሟሟሉ። የወዝ ዕጢ ካንሰር መታወቂያው ደግሞ በሴሉ ውስጥ ያለው ስብ ነው። ስለዚህ ዋናው ማስረጃ መስታወቱ ላይ ከመድረሱ በፊት ታጥቦ ሄዷል። የሚቀረው ቅቤው ወጥቶለት ባዶውን የተቀመጠ ቅል ነው፤ አረፋ የመሰሉ ባዶ ጉድጓዶች፣ ኒውክሊየሱን ከዳር ገፍተው ያጎበጡ። ልምድ ያለው ዓይን ከቅሉ ቅርጽ ቅቤ እንደነበረበት ይገምታል። ካንሰሩ ሴሎቹን ክፉኛ ካበላሸ ግን ጉድጓዶቹም ይጠፋሉ፤ ያኔ ሌላውን፣ ተራውን የቆዳ ካንሰር ይመስላል፣ ስሙም በስህተት ይጻፋል።

ለዚህ መላ አለው። አንዱ የድሮ ነው፤ ሥጋው ወደ አልኮሉ ከመግባቱ በፊት ከፊሉን በብርድ አጠንክሮ መቁረጥና ስብን የሚያቀላ ኦይል ሬድ ኦ የተባለ ቀለም መቀባት። ሌላው አዲፖፊሊን የሚባለውን ፕሮቲን መፈለግ ነው። ይህ ፕሮቲን የስብ ጠብታን ከውጭ ይሸፍናል፤ ስቡ ታጥቦ ቢሄድም ሽፋኑ ይቀራል፣ በሰም በተቀረጸ ሥጋ ላይም ይታያል። የመጀመሪያው መላ ግን የሚሠራው ቤተ ሙከራው አስቀድሞ ከተነገረው ብቻ ነው። ከብልቃጡ ጋር የምትሄደው ወረቀት ላይ «የቆብ እብጠት» ብሎ መጻፍና «የ65 ዓመት ሴት፣ የግራ ላይኛ ቆብ፣ እዚያው ቦታ ለሁለተኛ ጊዜ፣ ሽፋሽፍት ረግፏል፣ የወዝ ዕጢ ካንሰር ይሆን?» ብሎ መጻፍ የአንድ ደቂቃ ልዩነት ነው። ፓቶሎጂስት በሽተኛውን አያይም፤ በሽተኛው ለእርሱ ያች ወረቀት ናት። የሐኪሞችን የእጅ ጽሑፍ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ትንሽ አያስቅም አይባልም፤ ግን የቀልድ ነገር አይደለም።

ይህ ካንሰር ሌላም ተንኮል አለው። ከተነሳበት ዕጢ ወጥቶ በቆቡ የውስጥ ገጽ ላይ ሴል በሴል እየተበተነ ይጓዛል፤ ልክ በጤፍ ማሳ መካከል እዚህም እዚያም እንደተዘራ እንክርዳድ። በመካከሉ ንጹሕ ቦታ ሊተው ይችላል። ዋናው እብጠት ተቆርጦ ጠርዙ ንጹሕ ነው ቢባልም፣ ከጠርዙ ባሻገር ሌላ እንክርዳድ ይኖር ይሆናል። ስለዚህ ሐኪሞች ካርታ የሚባል ዘዴ ይጠቀማሉ፤ ከዓይኑ ነጭና ከሁለቱ ቆቦች ውስጥ ከተለያየ ነጥብ ጥቃቅን ናሙና አንስተው እያንዳንዱን በቁጥር ይለያሉ። ይህ ዓይነቱ ስርጭት ፓጄቶይድ ይባላል። ስሙ ወደ ለንደን ይወስደናል።

በ1874 የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ሰር ጄምስ ፓጄት ስለ 15 ያህል ሴቶች አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ሴቶቹ የጡታቸው ጫፍና ዙሪያው ቀልቶ፣ ረጥቦ፣ ችፌ መስሎ ነበር፤ በችፌ መድኃኒት አልሻረም፤ ሁሉም ቢበዛ በሁለት ዓመት ውስጥ የጡት ካንሰር ያዛቸው። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1889፣ ሌላው የለንደን ሐኪም ራድክሊፍ ክሮከር ያንኑ የመሰለ ቁስል በወንድ ብልትና በቆለጥ ከረጢት ላይ አይቶ መዘገበ። ዛሬ ከጡት ውጭ ያለ የፓጄት በሽታ የሚባለው ነው። የሚወጣው አፖክራይን ዕጢዎች ባሉበት አካባቢ ነው፤ በሴት ብልት፣ በፊንጢጣ ዙሪያ፣ በቆለጥ ከረጢት፣ አልፎ አልፎ በብብት። የሚይዘውም በአብዛኛው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑትን ነው።

ዋና ምልክቱ ማሳከክ ነው። እንግዲህ የ70 ዓመት አዛውንት እዚያ ቦታ ቢያሳክካቸው ለማን ይናገራሉ? ለልጃቸው? ለወጣቷ ነርስ? አይናገሩም፤ ፋርማሲ ሄደው «የሚያሳክክ ነገር» ብለው ቅባት ይገዛሉ። የፈንገስ ይሰጣቸዋል፤ ካልሻራቸው ቤታሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ። ስቴሮይድ ደግሞ ማሳከኩን ጋብ ያደርገዋል፣ ሰውም የዳነ ይመስለዋል። በመጻሕፍት ላይ ቀልቶ ይታያል የሚለውም አይረዳን፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ አመድማ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ቀለሙ ይለቃል። እንደ እኔ ቢሆን በቅባት ቱቦው ላይ አንድ መስመር ባስጻፍሁ ነበር፤ «በሁለት ወር ካልሻረ ሐኪም ይየው፣ ናሙና ይቆረጥለት» የምትል። ናሙናው ፓጄት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ነገሩ በዚያ አያበቃም፤ ከፊንጢጣ ወይም ከሽንት ፊኛ ካንሰር ወደ ቆዳ የወጣ እንዳይሆን ይመረመራል። ለመለየት ሲኬ7 እና ሲኬ20 የሚባሉ ፕሮቲኖች ይፈለጋሉ።

ከላብ ዕጢ የሚነሱት ካንሰሮች ሌላ ትምህርት አላቸው፤ የጥልቀት። በ1982 ሦስት ሐኪሞች ማይክሮሲስቲክ አድኔክሳል ካርሲኖማ ብለው የሰየሙት አለ። ብዙ ጊዜ ከላይኛው ከንፈር አካባቢ የሚወጣ፣ ቀለሙ ከቆዳው የማይለይ፣ ጠንከር ያለ፣ ለዓመታት የማይነቃነቅ ጠባሳ መሳይ ነገር ነው። ሐኪም ከላይ ከላዩ ልጦ ቢልከው ፓቶሎጂስቱ ምንም የማያደርጉ የላብ ቱቦ እብጠቶችን ያያል፤ «አደገኛ አይደለም» ብሎ ይመልሳል። አልዋሸም፤ የተላከለት ላይኛው ፎቅ ብቻ ነው። ካንሰሩ ከታች፣ በጡንቻና በነርቮች ዙሪያ እየተጠመጠመ ይወርዳል። ስለዚህ በሽተኛው «ከንፈሬ ይደነዝዘኛል» ወይም «ይወረኛል» ካለ፣ ያቺ ቃል ከማይክሮስኮፑ መልስ ትበልጣለች። ናሙናው እስከ ስቡ ድረስ ጠልቆ እንደገና መወሰድ አለበት።

በእግር ላይ የሚወጣው፣ ኪንታሮት መስሎ ሲነኩት የሚደማው ፖሮካርሲኖማ ከእነዚህ ይበልጥ ራሱን ያጋልጣል፤ አንዳንዴ ለዓመታት ምንም ሳያደርግ ከኖረ ጤናማ እብጠት ይነሳል። ቆይቶ የኖረ ነገር ድንገት ማደግ፣ መቁሰል ወይም መድማት ከጀመረ መቁረጥ ነው፤ ብዙ መራቀቅ አያሻውም።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ግን ማለፍ አልፈልግም። ጡት በአፈጣጠሩ የተለወጠ የላብ ዕጢ ነው። ከዚህ ዝምድና የተነሳ የላብ ዕጢ ካንሰርና ወደ ቆዳ የተሰራጨ የጡት ካንሰር በማይክሮስኮፕ ሥር እንደ እኅትማማች ሊመሳሰሉ ይችላሉ። የአንደኛው ትርጉም «ተቆርጦ ሊወጣ የሚችል ትንሽ ነገር»፣ የሁለተኛው «በመላ ሰውነት የገባ በሽታ» ነው። ፒ63 የተባለው ፕሮቲን መኖሩ ወደ ቆዳው ዕጢ ያዘነብላል፤ ብቻውን ግን አይፈርድም። ፍርዱ የሚሰጠው ጡትም ተመርምሮ፣ ታሪክም ተጠይቆ ነው።

ወደ እማማ እንመለስ። የተጠረገው ሥጋ ተልኮ መልሱ መጣ፤ የወዝ ዕጢ ካንሰር። እብጠቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ለቆብ ካንሰር በወጣው የደረጃ ሰንጠረዥ እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያለው ቲ1፣ ማለትም የመጀመሪያው ነው። ሐኪሙ ከጆሮ ፊት ያለውንና የአንገት ንፍፊቶችን ዳሰሰ፤ ካንሰሩ ሲሰራጭ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ምንም የለም። የካርታው ናሙናም ቀጠሮ ተያዘለት።

ከዚያ ከዓይን ጋር ጨርሶ የማይገናኝ የሚመስል ጥያቄ ጠየቃቸው፤ በቤተሰብ የአንጀት ወይም የማሕፀን ካንሰር የያዘው ሰው አለ ወይ? ጥያቄው የመጣው ከሁለት ሐኪሞች ነው፤ በ1967 እንግሊዛዊው ሙር፣ በ1968 አሜሪካዊው ቶሬ የወዝ ዕጢ እብጠትና የውስጥ ካንሰር በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አይተው ጻፉ። ምክንያቱ በኋላ ታወቀ። ሴል ሲከፈል በዲኤንኤ ግልባጭ ላይ የሚፈጠሩ ስህተቶችን የሚያርሙ አራት ጂኖች አሉ፤ ኤምኤስኤች2፣ ኤምኤልኤች1፣ ኤምኤስኤች6 እና ፒኤምኤስ2። ከእነዚህ አንዱ ከወላጅ ተበላሽቶ ሲወረስ ስህተቱ ይከማቻል፤ አንጀትም፣ ማሕፀንም፣ የወዝ ዕጢም ለካንሰር ይጋለጣሉ። ከቆብ ውጭ ባለ ቆዳ ላይ ሲወጣ ዝምድናው ይጠብቃል፣ ቆብ ላይ ሲሆን ላላ ይላል። ቢሆንም መጠየቅ ነጻ ነው፤ የእነዚህን ፕሮቲኖች መኖር አለመኖርም እዚያው በተቀረጸው ሰም ላይ ማየት ይቻላል።

«ታላቅ እኅቴ በሆዷ ነው የሞተችው» አሉ እማማ። «አንጀቷ ላይ ነው ብለው ነበር። ግን ልጄ፣ የእርሷ አንጀትና የእኔ ዓይን ምን አገናኘው?»

«እኅትዎ ሲሞቱ ዕድሜያቸው ስንት ነበር?»

«አርባ አልሞላትም።»

ሐኪሙ ካርዱን ገለበጠና በጀርባው የልጆቻቸውን ስምና ዕድሜ ከላይ ወደ ታች መጻፍ ጀመረ።